የመኪናችን ሰማይ ለምን በእኛ እጅ ይወርዳል? የአንድ ጨርቅ ታሪክ፣ ከፋብሪካ እስከ ገዳሪፍ



ዛሬ ስለ ሰሊጥ ዋጋ አልጽፍም፤ ስለ ምንዛሪም አልጽፍም። ስለ መኪና ኮርኒስ ልጽፍ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ሴትዮ ወሬ አለቀባት» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ ትንሽ ታገሡኝ። አብዛኞቻችን የምንነዳው አሮጌ መኪና ነው። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ይህ ነገር ወይ ደርሶበታል ወይ ይደርስበታል።

በእኔ ላይ የደረሰው በአንድ የሚያዝያ ቀን ነው፤ ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት። ከመተማ ቡናና ኮረሪማ ጭኜ በጋላባት ተሻግሬ ወደ ገዳሪፍ እመለስ ነበር። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ከኋላ ከረጢቶቹ መሃል ተቀምጣለች። የኮሮላዬ ኮርኒስ ከረገበ ወራት አልፎታል። መጀመሪያ ከኋላው መስታወት በኩል እንደ እንጀራ ዓይን ትንሽ ትንሽ ተነፋ፤ ቀጥሎ ሆዱን አውጥቶ ተንጠለጠለ። እኔም እንደ ማንኛችንም ስፒል ገዝቼ ሰካሁበት። ሲወርድ ሌላ ስፒል፣ ሲወርድ ሌላ ስፒል።

ዶካን አልፈን ጥቂት እንደሄድን፣ ሙቀቱ አላስቀምጥ ስላለኝ የሁለቱንም በር መስኮት ከፈትኩ። ነፋሱ ገባና ጨርቁን ከሥሩ አነሣው። ስፒሎቹ ተራ በተራ ተፈናጠሩ፤ ጨርቁ ከነአቧራው ፊቴ ላይ ወደቀ። ምንም አላይም። ልጄ ጮኻ ከኋላ ስትጎትተው፣ እኔ ፍሬን ስረግጥ፣ መኪናዋ ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ወጥታ ቆመች። ቀና ብዬ ሳይ ግመሎቹን የሚነዳ አንድ ሰው ከፊታችን ቆሟል፤ በጣም ቅርብ። ሰውዬው አልተቆጣኝም። እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ «አልሐምዱሊላህ» አለና ግመሎቹን እየነዳ ሄደ። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ቁልፉን ማዞር አልቻልኩም፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በጣም ያናደደኝ ያ ጨርቅ አዲስ መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ሳይሞላው ነበር ከፍዬ ያስቀየርኩት። ሠራተኛው በግማሽ ቀን ጨርሶ፣ አሳምሮ አስረከበኝ። ታዲያ ለምን ወረደ? ይህን ጥያቄ ይዤ በገዳሪፍ ጋራዦች ሰፈር፣ ሱዳኖቹ «ሲናዒያ» በሚሉት በኩል ስጠይቅ፣ የመኪና ወንበር በመስፋት ወደሚታወቁ አንድ ሽማግሌ የአገራችን ሰው መሩኝ። ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሏቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። የወደቀውን ጨርቅ ገለበጡና በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ፈተጉት። እንደ በሶ ያለ ቡናማ ዱቄት ረገፈ።

«ልጄ፣ ጨርቁን አትውቀሺው» አሉኝ። «ጨርቁ ደኅና ነው። የሞተው ከጀርባው ያለው ነው። ይኼ ሰውዬ ሬሳ ላይ ነው አዲስ ልብስ የለጠፈልሽ።»

ያን ቀን የጀመርነው ወሬ እስከ ዛሬ አላለቀም። እሳቸው የነገሩኝን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያነበብኩትን መልሼ እሳቸውን ጠየቅኩ። የሚከተለው ከዚያ የወጣ ነው።

ሰማይ የሚሉት

እኛ «ኮርኒስ» የምንለውን የመኪና የውስጥ ጣሪያ ጣልያኖች «ቼሎ» ይሉታል፤ ሰማይ ማለት ነው። ጀርመኖችም «ሂመል» ይሉታል፤ እሱም ሰማይ ነው። ሳስበው እውነት አላቸው። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው፣ በተለይ ለሕፃን ልጅ፣ ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው።

መጀመሪያ ግን መኪና ሰማይ አልነበረውም። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በዓለም ላይ ያሉት መኪናዎች አብዛኞቹ ክፍት ነበሩ። ዝናብ ሲመጣ እንደ ጋሪ የሸራ ጣሪያ ይጎተትላቸዋል። ቆየት ብሎ ዝግ መኪና ሲመጣም ጣሪያው ሙሉ ብረት አልነበረም። የእንጨት አጽም ተሠርቶ መሃሉ ላይ ሸራ ወይም ቀለም የጠጣ ጨርቅ ይወጠርበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ሙሉ ጣሪያ የሚያለብስ ሰፊ ላሜራ ማውጣትና በአንድ ምት መቅረጽ ከባድ ነበር።

ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1935 ጄኔራል ሞተርስ ሙሉ በሙሉ ከአንድ ብረት የተቀረጸ ጣሪያ በብዛት ማውጣቱ ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ግን ሦስት ጣጣ ይዞ መጣ፤ በፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል፣ በዝናብ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ በብርድ ደግሞ ያልበዋል። ስለዚህ በብረቱና በሰው ራስ መካከል አንድ ነገር መግባት ነበረበት። ኮርኒስ ከጌጥነት አልፎ የግድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዚያ ዘመን ኮርኒስ የሚሠራው በስፌት ነው። ጨርቁ ወይም ፕላስቲኩ በቁራጭ በቁራጭ ተቆርጦ ይሰፋል። በየስፌቱ ጀርባ ቀጭን ሰርጥ ይተውና ቀስት መሳይ የብረት ሽቦ ይገባበታል። ሽቦዎቹ ከጣሪያው ጎንና ጎን ተሰክተው ጨርቁን ይይዙታል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተወጥሮ ይታሠራል። ቮልስ ያየ ሰው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ስንት ዘመን ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ የሠራችው ላዳም እንደዚሁ ነች። አርባ ዓመት የሆናት ላዳ ውስጥ ገብታችሁ ኮርኒሷን እዩ፤ ተቀዶ ይሆናል፣ በሲጋራ ጭስ ጠቁሮ ይሆናል፣ ራሳችሁ ላይ ግን አይወርድም። የያዘው ሽቦና ክር ነዋ።

ክሩ በማስቲሽ ሲተካ

እ.ኤ.አ. በ1937 ኦቶ ባየር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ነገር ፈጠረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ከዚሁ ነገር ለስላሳ ስፖንጅ በብዛት መመረት ጀመረ። ፍራሻችን፣ የሶፋችን ሆድ፣ የመኪና ወንበራችን ውስጥ ያለው እሱ ነው። በሌላ በኩል በ1930ዎቹ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኒዮፕሪን የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ አወጣ። ከእሱም ሁለት ገጽ ተቀብቶ፣ ትንሽ ደርቆ፣ ሲነካካ የሚጣበቅ ሙጫ ተሠራ። እኛ ማስቲሽ የምንለው የዚህ ቤተሰብ ነው። ስሙ የጣልያን ነው፤ እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬን፣ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካምቢዮ፣ ራሷ «መኪና» የምትለዋ ቃል እንደመጣችበት መንገድ የመጣ።

ስፖንጁና ሙጫው ሲገናኙ የመኪና ፋብሪካዎች መንገዳቸውን ቀየሩ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ በብዛት፣ ኮርኒሱ በክርና በሽቦ መሠራቱ ቀረና በቅርጽ ሆነ። ከተጨመቀ ካርቶን ወይም ከመስታወት ጭረት የተሠራ ቀላል ሰሌዳ በጣሪያው ልክ ይቀረጻል። ቀጭን ስፖንጅ ከጀርባው ያለው ጨርቅ ይለጠፍበታል። ያለቀው ነገር እንደ ትሪ ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ይገባና በመብራቱ፣ በእጀታውና በፀሐይ መከላከያው ቡሎን ይታሠራል።

ለፋብሪካው ትልቅ ትርፍ ነው። አንድ ባለሙያ አንጋጦ፣ ክንዱ እየዛለ፣ ሽቦ በሽቦ የሚወጥረው ሥራ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ለነጂውም ጥቅም አለው፤ ድምፅ ይቀንሳል፣ ለራስ ይለሰልሳል፣ የመኪናውን ውስጥ ሰፋ ያደርገዋል። ሐሰት አልናገርም፣ አዲስ ሳለ ከድሮው ይሻላል።

ችግሩ ስፖንጁ ዕድሜ አለው። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ውስጡ ይበጣጠሳል፤ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይልፈሰፈሳል፣ በመጨረሻ ያ በሶ መሳይ ዱቄት ይሆናል። ጨርቁ ደኅና ነው፣ ሰሌዳው ደኅና ነው፤ በሁለቱ መሃል የነበረው ግን ጠፍቷል። ስፒልም ሆነ አዲስ ማስቲሽ የሚይዘው አካል የለም። የእኔን መኪና የሠራው ልጅ ያደረገው ይህን ነው፤ አሮጌውን ጨርቅ ገፎ፣ ዱቄቱን ሳያነሣ፣ ከላዩ ማስቲሽ ቀብቶ አዲሱን ለጠፈ። ማስቲሹ ዱቄቱን ያዘ እንጂ ሰሌዳውን አልያዘም።

የጉዞው ሒሳብ

ኮሜርስ ስማር የእርጅና ቅናሽ የሚባል ሒሳብ ነበር። አንድ ዕቃ ስንት ዓመት ያገለግላል ብለህ ትገምትና ዋጋውን በየዓመቱ ትቀንሳለህ። በወረቀቱ መጨረሻ ዋጋው ዜሮ ይሆናል። አስተማሪያችን ያልነገረን፣ በወረቀት ዜሮ የሆነው ዕቃ መርከብ ላይ ተጭኖ ወደ እኛ እንደሚመጣ ነው።

አንድ ኮሮላ ጃፓን ተሠርታ የመጀመሪያ ባለቤቷ ጋ ዓመታት ትቆያለች። አየሩ ለዘብ ያለ ነው፤ ስፖንጁ አይጎዳም። ከዚያ ትሸጥና ወደ ዱባይ ትሄዳለች። እዚያ ፀሐይ ላይ ተደርድራ ገዢ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ፖርት ሱዳን። ከዚያ እኛ ዘንድ። ወደ ሱዳን በሌላ በኩል፣ ከሊቢያና ከቻድ አሸዋ እያቋረጡ ያለ ቀረጥ የሚገቡም ነበሩ፤ ሱዳኖቹ እየቀለዱ «ቦኮ ሐራም» ይሏቸዋል።

በየትም መንገድ ትምጣ፣ መኪናዋ እኛ እጅ ስትገባ ስፖንጇ የዕድሜው ማምሻ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የምናኖራት ገዳሪፍ ነው። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የብረት ጣሪያማ እጅ አያስነካም። ክረምት ሲገባ ዝናቡና እርጥበቱ ይቀጥላል። አንድ ዓመት ውስጥ ምጣድም ጭጋግም ይፈራረቁባታል። ለስፖንጅ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እዩት። ክሩን በማስቲሽ በመተካት ደቂቃና ደመወዝ የቆጠበው ፋብሪካው ነው። የመጀመሪያው ባለቤት አዲሱን አይቶ ደስ ብሎት ሸጠ። ሁለተኛውም ሳይወርድበት ሸጠ። ዕዳው የተከፈለው ዶካ አጠገብ፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ እጅ ላይ፣ ጨርቅ ፊቷ ላይ በወደቀባት ሴት ነው። እኔ ይህን እንደ ተንኮል አላየውም። ማንም እኛን ለመጉዳት አላሰበም። ግን መኪናው ሲሠራ ሃያ አምስትና ሠላሳ ዓመት የሚነዳው ሰው አልታሰበም፤ ያ ሰው ደግሞ እኛ ነን።

ወደፊትም የምንነዳው እኛው ነን። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ምክንያቱ ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው። ውጤቱ ግን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ዋጋቸው ወጣ፤ መጠገን መቀየርን በለጠ። የሱዳኑ ጦርነት ደግሞ በዚያ በኩል ያለውን ሁሉ አሳጣን። ስለዚህ ይህን ሙያ የያዘ ሰው ዛሬ እንደ ድሮው «ጨርቅ ሰፊ» ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ሙያው የመጣበት መንገድ

ገዳሪፍ ከጥንት ጀምሮ ገበያ ናት። ድሮ «ሱቅ አቡ ሲን» ትባል ነበር፤ የሹክሪያ ጎሣ አለቆች የነበሩት የአቡ ሲን ቤተሰብ ገበያ ማለት ነው። የዛሬው ስሟም «ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል አባባል መጣ የሚሉ አሉ። እውነትም ይሁን ተረት፣ ለነጋዴ ከተማ የሚመጥን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ባቡር ደረሰላት። በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች በአካባቢው በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመሩ። ከእርሻው ጋር ትራክተሩ፣ ከትራክተሩ ጋር ጭነት መኪናው፣ ከጭነት መኪናው ጋር ጋራዡ መጣ። በሱዳን ሜዳ ለብዙ ዘመን የገዛው ቤድፎርድ ነው፤ የእንጨት ሣጥን ተሠርቶለት፣ በቀለምና በጽሑፍ አጊጦ።

በእኛ በኩል ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ሲይዝ መንገድና መኪና ይዞ ገባ። ሽማግሌዎቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት የፊያት ጭነት መኪና የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ ጋራዦቹና ቃላቱ ቀሩ። የመኪና ወንበር ማልበስ፣ ኮርኒስ መወጠር፣ ከጣልያንኛው «ታፒሴሪ» ብለን የወሰድነው ሙያ፣ በአሥመራና በአዲስ አበባ ጋራዦች ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ጋሼም የተማሩት በልጅነታቸው አሥመራ፣ አንድ ጣልያናዊ ጋራዥ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ሽቦ ማቃናት ነበር። «ሁለት ዓመት ሽቦ ነው ያቃናሁት፤ ጨርቅ አላስነኩኝም» ይላሉ እየሳቁ።

ከዚያ ሰው መሰደድ ጀመረ። ከኤርትራ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ሱዳን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከጎንደር፣ ከሁመራ፣ ከመተማ በኩል ሌላው ተከተለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ገዳሪፍ ዙሪያ ያሉት እንደ ኡም ራኩባ ያሉ ሰፈሮች በሰው ተጥለቀለቁ። ስደተኛ መሬት ይዞ አይመጣም፣ ከብት ይዞ አይመጣም። ይዞ የሚመጣው እጁን ነው። መካኒኩ፣ ባትላሜራው፣ ታፒሴሪው በገዳሪፍና በከሰላ ጋራዦች ተቀጠረ፤ የቻለም የራሱን ጥላ ተከለ። ጋሼ በ1969 በሁመራ በኩል ሲሻገሩ የያዙት አንድ መቀስና ጎባጣ የታፒሴሪ መርፌ ነበር። የስፌት መኪናቸውን፣ ሲንጀሯን፣ የገዙት ገዳሪፍ ውስጥ ሦስት ዓመት የሰው ወንበር ሰፍተው ነው።

የኔን ኮሮላ የሠሩልኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ስጨቃጨቃቸው «ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሠራተኛ ፈልገሽ ነበር፣ አገኘሽ» አሉኝ። ዝም አልኩ።

ታኅሣሥ 2016

ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ በእኛ የፋሲካ ዋዜማ፣ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተነሣ። በታኅሣሥ 2016 ወድ መደኒ ስትያዝ ሰው ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ብዙው በእግሩ፣ ብዙው በጭነት መኪና፤ መኪና ያለው ደግሞ በመኪናው። ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ የዘመድ ቤት ሞላ። መኪናቸው ውስጥ የሚያድሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

አንድ ቀን ጋሼ ጋ ቡና ይዤ ስሄድ፣ ሱዳኖቹ «አምጃድ» የሚሏት ትንሽዬ ሚኒባስ ጥላው ሥር ቆማለች። ውስጧ እናት ከሦስት ልጆች ጋር አለች። ኮርኒሱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ በፀጉር መርፌና በገመድ ተይዟል። ዱቄቱ ሌሊት ልጆቹ ዓይን ውስጥ እየገባ ያለቅሳሉ። እናትየው መጥታ የጠየቀችው ጨርቁ ተቆርጦ እንዲጣልላት ነበር፤ ገንዘብ የላትም። ጋሼ አልቆረጡትም። «ብረቱ ባዶውን ከቀረ ቀን ልጆቹን ይጠብሳቸዋል» አሉ።

ያን ቀን መብራት የለም፤ ኮምፕሬሰሩ አይሠራም። ማስቲሽም ከገበያ ጠፍቷል፤ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ጋሼ ሰሌዳውን አስወጡት፤ የሚረዳቸው ሱዳናዊ ልጅ ዱቄቱን በብሩሽ ጠረገ። ከዚያ አሮጌውን ጨርቅ ሴትየዋ ራሷ አጠበችው፤ በዚያ ፀሐይ ወዲያው ደረቀ። ጋሼ ሰሌዳውን በየስንዝሩ በወስፌ በሱና ያንኑ ጎባጣ መርፌ አወጡ። ጨርቁን ከሰሌዳው ጋር በወፍራም ክር ሰፉት፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ከአሮጌ ኮት የተፈታ ቁልፍ አደረጉ። ሲያልቅ እንደ ድሮ ሶፋ ጀርባ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ ቁልፍ በቁልፍ የሆነ ኮርኒስ ወጣ። ትንሿ ልጅ ተንጋላ ቁልፎቹን መቁጠር ጀመረች።

ሳየው አሥመራ ያ ጣልያናዊ ጋራዥ ውስጥ የተማሩት ነገር ነው፤ ማስቲሽ ሳይመጣ የነበረው። ገንዘብ አልተቀበሉም። ሴትየዋ ስትመርቃቸው በዓረብኛ፣ እሳቸው «አሜን» ሲሉ በአማርኛ ነበር።

እንዴት ይጠገን

አሁን ወደ ሥራው። ራሳችሁ ብትሠሩትም፣ ለሠራተኛ ብትሰጡትም ይህን እወቁ።

አንደኛ፣ ሰሌዳው ከመኪናው ሳይወጣ ኮርኒስ ተሠራ የሚላችሁን አትመኑ። የባትሪውን ገመድ ፍቱ። የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ እጀታዎቹን፣ የውስጥ መብራቱን፣ የበሮቹን ምሰሶ ፕላስቲክ አውጡና በፌስታል ለየብቻ አስቀምጡ። ሰሌዳውን ሁለት ሰው ይዞ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ በሰፊው በር በኩል ያውጣ። ከታጠፈ ይሰበራል፤ የተሰበረ ሰሌዳ ጠባሳው በጨርቁ በኩል ይታያል። አዲስ መኪና ከሆነ ደግሞ በጣሪያው ጠርዝ በኩል የአየር ከረጢት ሊኖር ይችላል፤ እሱን ለሚያውቅ ስጡ፣ በስፒልም በማስቲሽም አትንኩት።

ሁለተኛ፣ የሞተውን ስፖንጅ ጨርሳችሁ አንሡ። የሥራው ግማሽ ይህ ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሰሌዳው ራቁቱን እስኪቀር ጥረጉ። የሽቦ ብሩሽ ሰሌዳውን ይልጠዋል። መዳፋችሁን አሳልፉበት፤ ዱቄት ከያዘ አላለቀም። የተሰነጠቀ ካለ ከጀርባው ጨርቅና ሙጫ አድርጋችሁ አጠንክሩት።

ሦስተኛ፣ ጨርቁ ከጀርባው ስፖንጅ ያለው ይሁን፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ስስ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ማስቲሹ ሰርጎ ይወጣና እንደ ዘይት ነጠብጣብ ያሳያል። በየአቅጣጫው አሥር ሣንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ጎድጓዳው ቦታ ጨርቅ ይበላል።

አራተኛ፣ ማስቲሹ ሙቀት የሚችል መሆኑን ጠይቁ። የጫማ ማስቲሽ በብርድ አገር ይይዛል፤ በገዳሪፍ ሚያዝያ ይቀልጣል። የኛ ሙጫ፣ ከግራር የሚለቀመው የሱዳን ሀብት፣ ለዚህ አይሆንም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟል። ማስቲሹን በሰሌዳውም በጨርቁም ላይ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡ። ጣት ሲነካው ሳይከተል እስኪደርቅ ታገሡ። ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ፣ ግማሹን አጥፋችሁ፣ በመዳፍ እየዳበሳችሁ ለጥፉ። ጥላ ሥር፣ ነፋስ አቧራ በማያነሣበት ቦታ። አደራ፣ ሽታው እሳት ይስባል፤ የሻይዋ እመቤት ከሰል አጠገብ አይሁን፣ ሲጋራም አይኑር።

አምስተኛ፣ እስከ ማግሥቱ አትንኩት። ቀዳዳዎቹን ስትቆርጡ ከልኩ አሳንሳችሁ፣ በመስቀል ቅርጽ ቅደዱና ጠርዙን ወደ ጀርባ እጠፉ።

ይህን ሁሉ ማድረግ ካልቻላችሁ ደግሞ ጨርቁን አውልቁትና እስክትችሉ ባዶውን ንዱ። ራቁት ብረት ያስቀይማል፣ ያግላል፤ ፊት ላይ ግን አይወድቅም። እኔ ያን ቀን ሃያ ስፒል ባልሰካ ኖሮ የዚያን ባለ ግመል ሰው ሕይወት አደጋ ላይ አልጥልም ነበር።

ጋሼ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። የሚሠራው ያ ሱዳናዊ ልጅ ነው፤ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ያዩታል። ባለፈው ስሄድ ምን እያሠሩት እንደነበር ልንገራችሁ? ሽቦ እያቃና ነበር። «ጨርቅ መቼ ነው የምታስነኩት?» ስላቸው «ገና ነው» አሉኝ።

በከሰላ፣ በጎንደር፣ በመተማ ወይም በሌላ ቦታ እንዲህ ያሉ አረጋዊ ታፒሴሪ የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት ሙያውን እንደያዙ ጠይቃችሁ ጻፉልን። መኪናችሁንም ለበጋው ከማዘጋጀታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። ከተንጫጫና ከረገፈ፣ ጊዜው ደርሷል።

በሰላም ግቡ፣ በሰላም ውጡ።